አባባ የቆሙበት ቦታ

ጥር 18 ቀን 2011 ዓ.ም.

ትናንት ማታ ከመንገድ ገብቼ ዛሬ ሻንጣዬን ሳልፈታ ይህን መጻፍ ጀመርሁ፤ ነገ ካልሁ እግሬ የሚያስታውሰውን ነገር እንዳልረሳው ፈራሁ። ባለፉት 12 ቀናት ከዓይኔ ይልቅ በእግሬ ነው የሠራሁት። አያቴ በጥር 1955 ዓ.ም. ፎቶ ያነሡባቸውን ቦታዎች እየፈለግሁ፣ በቆሙበት ቆሜ ያንኑ ፎቶ እንደገና ለማንሣት ስል ከአንድ ድንጋይ ወደ ሌላው ስራመድ፣ ወደ ኋላ ስመለስ ሰነበትሁ።

አባባ የመንገድ ሥራ ሠራተኛ ነበሩ። እማማን ባገቡ በዓመቱ ለጥምቀት ወደ ጎንደር ይዘዋቸው ሄዱ፤ ከዚያ ጉዞ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ 11 ፎቶዎች ተርፈዋል። አራት ማዕዘን ናቸው፤ መዳፍ አይሞሉም፤ ጠርዛቸው እንደ መጋዝ ጥርስ ተከርክሟል። በጀርባቸው በሐምራዊ ቀለም የቦታው ስምና ቀኑ ብቻ ተጽፏል። አባባ ካረፉ 19 ዓመት ሆናቸው። ካሜራቸው እኔ ሳልወለድ ተሽጧል፤ ምን ዓይነት እንደነበር ለመጠየቅ እንኳ አስቤ አላውቅም ነበር።

ወሩን ጥር ያደረግሁት ለበዓሉ ስል ብቻ አይደለም። ጥላው በወደቀበት እንዲወድቅ፣ ሣሩም እንደዚያን ጊዜው ደርቆ እንዲገኝ ከተፈለገ በዚያው ወር፣ በዚያው ሰዓት መገኘት ያስፈልጋል። እህቴ አብራኝ መጣች። እማማ በቆሙበት የምትቆመው እርሷ ነበረች፤ ነጠላውንም ከእማማ ሳጥን ተውሳ ነው የመጣችው።

የመጀመሪያው ፎቶ የዓባይ በረሃ ነው። ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ ወደ ደጀን የሚሻገረው መንገድ ከደጋው ብርድ ወደ ቆላው ሙቀት እየተጠማዘዘ ሲወርድ ጆሮ ይደፍናል። አባባ ያነሡት አሮጌው ድልድይ ዛሬም አለ፤ ከአጠገቡ ግን በጃፓን መንግሥት ድጋፍ የተሠራው፣ በኬብሎች የተወጠረው የሕዳሴ ድልድይ ቆሟል። ጠባቂው ወጣት የያዝሁትን አሮጌ ፎቶ ተቀብሎ ረጅም ጊዜ አየውና፣ «ወንድሜ፣ አያትህ በደንብ አንሥተውታል፤ እዚህ ማንሣት ግን ክልክል ነው» አለኝ። አልተከራከርሁትም። ስልኬን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ትንሽ ቆየሁና ሄድን። ከ11ዱ ያንዱ ጥንድ ባዶ ሆኖ ይቀራል።

የቆየ ፎቶ የተነሣበትን ቦታ ማግኘት ትዕግሥት እንጂ ልዩ ጥበብ አይጠይቅም። ከፎቶው ላይ አንድ ቅርብና አንድ ሩቅ ነገር ይመረጣል። ቅርቡ ከሩቁ አንጻር ወደ ግራ ሸሽቶ ከታየ ሰውየው ወደ ቀኝ አልፏል ማለት ነውና ወደ ግራ ይመለሳል፤ ወደ ቀኝ ከሸሸም እንደዚያው በተቃራኒው። የስልክ ካሜራ አስፍቶ ስለሚያይ ምስሉ ትንሽ መስሎ ሲታይ ወደ ፊት መራመድ ያምረናል፤ ነገር ግን አንድ እርምጃ በተራመድን ቁጥር የነገሮቹ አቀማመጥ እርስ በርሱ ይዛባል። ስለዚህ ቦታን ሳይለቁ በዙም ማቅረብ ነው የሚሻለው። አሮጌውን ፎቶ በእጅ ይዘው ከቦታው ጋር አጋጥመው የሚያነሡ ሰዎች አሉ፤ ያምራል። እኔ ግን የፈለግሁት ፎቶውን ሳይሆን ያነሡትን ሰው ነበር።

ጎንደር የገባነው ጥር 8 ነው። ዓፄ ፋሲል መዋኛ ለከተራ ከቀሃ ወንዝ በተጠለፈው ውኃ ተሞልቶ፣ ግቢው በዝግጅት ጫጫታ ተይዞ አገኘነው። የአባባ ፎቶ «ፋሲለደስ፣ ጥር 9» የሚል ነው። እማማ የዋርካው ሥሮች እንደ ጣት አቅፈው በያዙት ግንብ ሥር ተቀምጠዋል፤ ከፊታቸው የፈረሰ ግንብ ቁራጭ አለ። በማግሥቱ ገና በጠዋቱ ሄድን። ሥሮቹ ወፍረዋል፤ በ1955 ዓ.ም. ክንድ የሚያክለው ዛሬ ጭን አክሏል፤ ቢሆንም አቃፊው ሥር እዚያው፣ ታቃፊው ድንጋይም እዚያው ነው። የግራና የቀኙን ነገር በአንድ ሰዓት ውስጥ አስተካከልሁት። የላይና የታቹ ግን እምቢ አለኝ። በአባባ ፎቶ የቅርቡ ግንብ ቁራጭ ጫፍ ከኋላው ያለውን ግንብ አፋፍ አልፎ ሰማዩን ይነካል፤ በእኔ ፎቶ ደግሞ ሁልጊዜ ከአፋፉ በታች ይቀራል። ወደ ኋላ ሄድሁ፣ ወደ ፊት መጣሁ፤ ድንጋዩ ተሰብሮ አጥሯል ብዬ ልተወው ነበር።

ያን ጊዜ እህቴ ሌላውን ፎቶ ከፖስታው አወጣች። ከ11ዱ መካከል አባባ ያሉበት እርሱ ብቻ ነው፤ ያውም ጥላቸው ነው። በመሬቱ ላይ የባርኔጣ ጥላ አለ፤ ክንዶቹ ግን ወደ ፊት አልተነሡም፤ ክርኖቹ እንደ እንስራ ጆሮ በግራና በቀኝ ወጥተው ወገብ ላይ ናቸው። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ፎቶ ነው፤ ክርኖቹን ግን አይቻቸው አላውቅም። ካሜራው ከላይ ወደ ታች የሚታይበት፣ ከሆድ ከፍ ብሎ የሚያዝ ዓይነት ኖሯል። ጉልበቴን ሸብረክ አድርጌ ስልኩን እምብርቴ አጠገብ ስይዘው የድንጋዩ ጫፍ ቀስ ብሎ ከአፋፉ በላይ ብቅ አለ። እህቴ አልቅሳለች። እኔም እንደዚያው።

ወዲያው እማማ ዘንድ ደወልሁ። «አዎ» አሉኝ፣ «አቀርቅረው ነበር የሚያነሡት። እኔ እሳቸውን አያለሁ፣ እሳቸው ሣጥኑን ያያሉ። ጸሎት የሚያደርሱ ነበር የሚመስለኝ፤ ስለዚህ አልስቅም ነበር።» በፎቶዎቹ ሁሉ ላይ እማማ ለምን እንደዚያ ኮስተር እንዳሉ ስንጠያየቅ ያደግን ልጆች ነን።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ፎቶዎች ቀለሉኝ። ፒያሳ ላይ ጣሊያን የሠራውን ፖስታ ቤት ከመንገዱ ማዶ አቀርቅሬ አነሣሁት፤ ሰው ቢያየኝም ግድ አልሰጠኝም። ከአባባ ይልቅ በአንድ ስንዝር ያህል እንደምረዝም ስለማውቅ ጉልበቴ ምን ያህል መታጠፍ እንዳለበትም እየለመደው መጣ።

በመልሱ ጉዞ ጢስ ዓባይ ደረስን። በዓፄ ሱስንዮስ ዘመን እንደተሠራ የሚነገርለትን የድንጋይ ድልድይ ተሻግረን ዳገቱን ወጣን። የአባባ ፎቶ የተነሣው የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ሥራ ከመጀመሩ ቀደም ብሎ ነው። ጥር ሆኖ እንኳ ውኃው በብዙ ቦታ ተከፍሎ በወፍራሙ ይወርዳል፤ የገደሉን የታች ግማሽ ጢሱ ሸፍኖታል፤ እማማ ነጠላቸውን በአንድ እጃቸው ጭምቅ አድርገው ይዘው ቆመዋል። ከዚያ ወዲህ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሁለተኛው ማመንጫ ተጨመረ፤ ከጣና መውጫው ላይ የውኃ መቆጣጠሪያ ተሠራ፤ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ፕሮጀክት ውኃውን ከሐይቁ በዋሻ ወስዶ ወደ በለስ ማፍሰስ ጀመረ። መብራቱን የምንፈልገው ሁላችን ነን፤ በዚህ ጉዳይ ማንንም አልወቅስም። ሆኖም 45 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ጥቁር ገደል ላይ ሁለት ቀጭን ፈትል መስሎ የሚወርደውን ውኃ ሳይ፣ ለአባባ ያፈርሁላቸው ያህል ተሰማኝ። ድንጋዮቹ አንድም ሳይጎድሉ ሁሉም አሉ፤ ቦታውን ያገኘሁትም በአሥር ደቂቃ ውስጥ ነው። እህቴ ነጠላውን እንደ እማማ ጨምቃ ስትይዝ አቀርቅሬ አነሣሁ።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ፎቶዎቹን አሳትሜ ከአሮጌዎቹ ጎን ለጎን በእማማ አልጋ ላይ ደረደርሁላቸው። የድልድዩን ባዶ ቦታ በጣታቸው ነካ አድርገው አለፉት። የጎንደሩ ላይ የእህቴን ፊት አይተው ፈገግ አሉ። ጢስ ዓባይ ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና እንደገና አጠለቁ።

«ያን ቀን ነጠላዬ በስብሶ ነበር» አሉ፤ «የያዝሁት ልጨምቀው ነው። ድንጋዩም ያዳልጥ ነበርና እሳቸው አትንቀሳቀሺ እያሉ ነው ያነሡኝ።» ከዚያም ወደ እህቴ ዞር ብለው፣ «አንቺስ ልጄ፣ አላዳለጠሽም?» አሏት።

እህቴ ወደ እኔ አየች።

«ደረቅ ነው እማማ» አለቻቸው።