የበረሃ ስእሌና የጎረቤት በግ

ደሴ ቁጭ ብዬ በረሃ የምስል ሰው ነኝ። የጦሳ ተራራ ጉሙን ለብሶ፣ እኔ ጋቢዬን ለብሼ፣ ሸራው ላይ ግን ፀሀዩ አናት ይበሳል። ኮምቦልቻ ምግብ ቤት የከፈተ ሰውዬ "የአፋርን በረሃ ትልቅ አርገህ ስራልኝ፣ ግመል ይኑረው፣ ጨው ይኑረው" ብሎ ቀብድ ሰጠኝ፣ ቀብዱ የት እንደገባ አትጠይቁኝ።

ዳሎል ድረስ መሄጃ ብር ስለሌለ ሰኞ ጠብቄ ባቲ ወረድኩ። የባቲ ሰኞ ገበያ እኮ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው አንድ ሜዳ ላይ የሚገናኝበት ነው፣ ግመል ተራው ብቻ ራሱን የቻለ ኤግዚቢሽን ነው (ቅኝት በስሙ ቢወጣለት ሲያንሰው ነው)። ጥግ ይዤ ስጭር አንድ ጊሌ የሚባለውን ጩቤ የታጠቁ አፋር ሽማግሌ መጡና ደብተሬን አየት አርገው "ይሄ ግመል ታሟል?" አሉኝ። "ኧረ አባቴ፣ ከተቀመጠበት እየተነሳ ነው" ስላቸው ሳቁ ሳቁና ጓደኞቻቸውን ጠሩ። ለካ ግመል ሲነሳ መጀመሪያ የኋላ እግሩን ነው፣ የኔው እንደ ፈረስ በፊት እግሩ ብድግ ብሏል። ጨው ጫኞቹንም አሳረሙኝ፣ ከኋላ ያለው ግመል አገጩ ላይ የታሰረው ገመድ ከፊተኛው ጭራ ጋር ነው የሚያያዘው አሉ፣ እኔ ሁሉንም አንገት ላንገት አስሬ ላንቃቸው ነበር።

ከዛ ገበያው ውስጥ ጥሬውን የአፍዴራ ጨው ሳይ አይዲያ መጣልኝ። ጨው በነጭ ቀለም ከምስል ለምን ራሱን ጨውን አልለጥፍም!

ቤት ገባሁ፣ አቡጀዲ ወጠርኩ፣ ኮላ ቀባሁና ጨውን በተንኩበት። ዳሎል ላይ ያ የድኝ ቢጫ አለ አይደል፣ ቢጫ አክሪሊክ ደግሞ አልቆብኛል፣ ከማዘር ጓዳ እርድ አነሳሁ። ለቀዩ ደግሞ ትንሽዬ በርበሬ። ማዘር በበር ብቅ ብላ አይታው "ሽንኩርት ብቻ ነው የቀረህ" ብላኝ ሄደች።

ክረምት ነው እንግዲህ፣ የደሴ ጉም ሳሎን ድረስ ነው የሚገባው፣ ጨው ደግሞ እርጥበት ይስባል። ጠዋት ስነሳ ያ ከባህር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ የወረደው ደረቅ ምድር ጠብ ጠብ ይላል፣ እርዱ በግመሉ እግር መሀል ቁልቁል ወርዷል። ማዘር "ውይ፣ ሸና እንዴ?"

ፀሀይ ብልጭ ስትል ግቢ አውጥቼ አጥሩ ላይ አስደገፍኩትና ቡና ተጠራሁ። የወሎን ቡና ታውቁታላችሁ፣ በረካው ሳይጠጣ፣ ምርቃቱ ሳያልቅ ማን ይነሳል፣ አሚን አሚን ስል ቆይቼ ስመለስ የጎረቤታችን የእንቁጣጣሽ በግ ገመዱን በጥሶ ዳሎል ላይ ቆሟል። አይኑን ጨፍኖ ነው የሚልሰው! ምላሱ ኮላው ላይ ክርክር ክርክር ይላል፣ ጨው ሜዳውን ጨርሶ ወደ አፋሮቹ ጎጆ፣ ወደ ደቦይታው ተሻግሯል፣ አፉ ዙሪያውን ቢጫ ሆኗል፣ በርበሬዋን ብቻ በጥበብ ዘሏታል።

ባለበጓ ደረሱ። የተላሰው የኔ፣ የሚጮሁት እሳቸው! "አንተ ልጅ፣ በጌን በቀለም ልትፈጅብኝ ነው? አንድ ነገር ይሁንና ከፋዩ አንተ ነህ!" በጉ አንድ ባልዲ ውሃ ግጥም አርጎ ጠጥቶ ያየኛል። እኔ በበኩሌ ማታ ስገባ ስወጣ ጆሮዬ በረቱ ላይ ነበር፣ ባዕ ሲል ነው ደህና የምተኛው። ሰውዬውም ይደውላል፣ አላነሳም፣ ምን ልበለው፣ በረሃህን በግ በላው ልበለው?

ሰንበት ብሎ እትዬ ቆሎ በሰሃን ይዘው ከች አሉ። ድምፃቸው ማር ሆኗል፣ እኔ ቀብር ሊነግሩኝ መስሎኝ እግሬ ራደ። "የኔ ጌታ፣ ያ በግ ሳር እምቢ ብሎ ሲያቃጥለኝ ነበር፣ ያንን ስእልህን ከላሰ ወዲህ ግን አጥሬን ሊበላው ነው። እንዲያው በሞቴ፣ አነስ ያለች ብጤ ትስልልኛለህ? ግመሉ ይቅርብህ፣ ጨውን በዛ አርግልኝ።"