ያልተነፈሰው ጨርቅ

2014 ጥቅምት መጨረሻ። አንድ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ ጥራት ተቆጣጣሪ ነበርኩ። የምንሰፋው ለአሜሪካ ገበያ የጥጥ ቲሸርት ነው። ጥቅምት 23 ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ ማለትም የአፍሪካ አገሮች ብዙ ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲያስገቡ ከሚፈቅደው የአሜሪካ ሕግ፣ ልትወጣ መሆኑን ሰማን። ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ አሜሪካ የሚገባው ቲሸርታችን፣ እስከዚያ በነጻ ያልፍ የነበረው፣ 16.5 በመቶ ቀረጥ ሊከፈልበት ነው። መርከቡ ደግሞ ከጅቡቲ ተነስቶ እዚያ እስኪደርስ ሳምንታት ይፈጃል። ቀን መቁጠር ጀመርን።

ጨርቁ ከእስያ ነው የሚመጣው። ክሩም፣ አንገቱ ላይ የሚሰፋው ምልክትም እንደዚያው። (አንዱ መካኒካችን «የኛ ድርሻ እጅና መብራት ነው፣ መብራቱም ካለ» ይል ነበር።) በዚያ ላይ ኮንቴነሩ ዘግይቶ ገባ።

የቲሸርት ጨርቅ ሲጠቀለል ይለጠጣል። ስለዚህ ጥቅሉ ተፈትቶ 24 ሰዓት ያህል ማረፍ አለበት፤ ያኔ ወደ ልኩ ይሰበሰባል። ሳያርፍ ከቆረጥከው የሚሰበሰበው ከተሰፋ በኋላ ነው።

የምርት ኃላፊው «ቁረጡ!» አለ። ካቲንግ (ጨርቅ መቁረጫው ክፍል) ላይ ጨርቅ የምታነጥፍ ልጅ ወደ እኔ ጠጋ ብላ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ገና አልተነፈሰም» አለችኝ። እውነቷን እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ቅጹ ላይ «አርፏል» ብዬ ፈረምኩ። እስካሁን የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

የገዢው ኢንስፔክተር መጣ። ከ4,800 ቲሸርት 200 አወጣ። ሕጉ ቀላል ነው፦ እንከን ያለበት እስከ 10 ቢገኝ ያልፋል፣ 11ኛው ከተገኘ ሁሉም ይወድቃል። ሜትሩን ዘርግቶ ቁመት መለካት ጀመረ። የሚፈቀደው ልዩነት 1 ሳንቲሜትር ነው፣ የኛ 2 ያንሳል። ያቀረብንለት ቡና ሳይበርድ 11 ሞላ።

አንድ ቀን ለማዳን ብለን ዘጠኝ ቀን ቲሸርት ስንለካና ስንለይ ከረምን። መርከቡ አመለጠን። ገዢው ቅናሽ ጠየቀ፣ ሰጠነው፣ ቀረጡም መጣ።

ብዙ ሰው «አጎዋ ገደለን» ይላል። ጎድቶናል፣ አልክድም፤ ያኔ ኬንያ ያንኑ ቲሸርት ያለ ቀረጥ ታስገባ ነበር። ግን እኔ እንዳየሁት ያ ነጻ 16.5 በመቶ ብዙ ዝርክርክነታችንን ሸፍኖልን ኖሯል። ሠራተኛው ርካሽ ነው ብሎ የመጣ ገዢ፣ ቲሸርቱ ሁለት ሳንቲሜትር ካጠረ ደመወዛችን ማነሱ ምኑም አይደለም።

ልጅቷ አሁን የካቲንግ ሱፐርቫይዘር ናት። ጥቅሉ የተፈታበትን ሰዓት ወረቀት ላይ ጽፋ ትለጥፍበታለች። ባለፈው ሰሞን ሥራ ተጣድፎብን 20ኛው ሰዓት ላይ «አይበቃውም?» ብላት መልስም አልሰጠችኝ፣ ገላምጣኝ አለፈች።