ቺንታንግ መልመድ፦ ከድምፁ ወደ ግሱ

ድምፆቹን ጨርሼ ግስ ላይ ደርሻለሁ። ጉዱ ያለው እዚህ ነው!

ለአዲስ ገቢዎች፦ ቺንታንግ በምሥራቅ ኔፓል፣ ዳንኩታ አውራጃ የሚነገር፣ ኪራንቲ ከሚባለው የቋንቋ ቤተሰብ የሆነ ቋንቋ ነው። የመንደሩም ስም ቺንታንግ ነው። ተናጋሪዎቹ ራይ ከሚባሉት ሕዝቦች ሲሆኑ 5 ወይም 6 ሺህ ቢሆኑ ነው። ሙልጋውንና ሳምቡጋውን የሚባሉ ሁለት ዘዬዎች አሉት። ትምህርት ቤቱ በኔፓሊኛ ነው፤ ጎረቤት ቋንቋው ባንታዋም ጉልበተኛ ነው። ብዙዎቹ ሦስቱንም ይናገራሉ።

ከድምፆቹ ያስቸገረኝ ቃል የሚጀምረው የላንቃ «ን» ነው። እኛም አለን፤ «እንግዳ» ስንል የምትወጣው ናት። ግን ቃል አትጀምርልንም። እኔ «እንግ» እያልኩ፣ ከዚያ «እ»ን እየቀነስኩ ለመድኳት። ሌላው ትንፋሽ ያለው «ክ» ነው። ጆሯችን የለመደው «ከ»ን ከ«ቀ» መለየት ነው። እዚያ «ቀ» የለም፣ ልዩነቱን የሚያመጣው ትንፋሽ ነው። መዳፍን አፍ ፊት አድርጎ መለማመድ ይረዳል።

አሁን ግሱ። «አላዩንም» ለማለት «ኡክሃማትሶፕዮክቴ» ይላሉ። «ኡ» እነሱ፣ «ክሃ» እኛን፣ «ማ» አሉታ፣ «ትሶፕ» ማየት። «ዮክት» ደግሞ አሉታውን ከኋላ ይዘጋል፤ ልክ እንደ እኛ «አል...ም»። መጨረሻ ላይ ያለችው «ኤ» ኃላፊ ጊዜ ናት። እስከዚህ ድረስ አማርኛ ተናጋሪ ምንም አይደነግጥም፤ አንድ ቃል ውስጥ ዓረፍተ ነገር ማጨቅ የእኛም ሥራ ነው።

ግን «ኡማክሃትሶፕዮክቴ» ቢሉም ልክ ነው። «ክሃኡማ...»፣ «ማኡክሃ...» ብለው ቢጀምሩም እንደዚያው። ሦስቱ ቅጥያዎች በስድስቱም አሰላለፍ ይሄዳሉ፣ ትርጉሙ ንቅንቅ አይልም። እስቲ «አላዩንም»ን «ንአላዩም» በሉት፤ ማን ይሰማችኋል? የቋንቋ ጥናት መጻሕፍት የቅጥያ ቅደም ተከተል ቋሚ ነው ይሉ ነበር። የቋንቋ ተመራማሪው ባልታዛር ቢክልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ይህንን ሲያሳትሙ ብዙ ባለሙያ ዓይኑን ያሸ ይመስለኛል። የእነሱ ማብራሪያ፦ ቅጥያዎቹ የተቆጠረ ወንበር የላቸውም፤ የሚፈልጉት የሚለጠፉበትን የድምፅ ቃል (ሲነገር እንደ አንድ ቃል የሚቆጠር የድምፅ ስብስብ) ብቻ ነው።

ለጀማሪ ምክሬ፦ ስድስቱንም አትሸምድዱ። አንዱን ይዛችሁ ተናገሩ፣ ሌሎቹን ሰምታችሁ መለየት ይበቃል። ከሰዋስው ጽሑፍ ይልቅ የልጆች ንግግር ቅጂ ይሻላል፤ የልጆች ቋንቋ ተመራማሪዋ ሳቢን ስቶልና ቡድኗ ሕፃናቱ ሲያወሩ በብዛት ቀርጸዋል።

ቀጥሎ የምገባው ወደ አመልካቾቹ ነው። ተራራ ላይ ስለሚኖሩ «ያ» ብቻ አይበቃቸውም፤ ላይ ያለው፣ ታች ያለውና በአግድም ማዶ ያለው የየራሳቸው ቃል አላቸው። የጀመራችሁት ካላችሁ እንዴት እንደያዛችሁት ንገሩኝ።