አብያታ፦ ሐይቁን በመኪና

ከአዲስ አበባ ገና ሳይነጋ ወጣን። ዝዋይን፣ አዳሚ ቱሉን፣ ቡልቡላን አልፈን ሦስት ሰዓት ገደማ ላይ አብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ በር ደረስን። 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እዚያው በሩ አጠገብ ሰጎኖች ስላሉ ብዙ ሰው ከእነሱ ጋር ፎቶ ተነስቶ ይመለሳል። እኛን ያመጣን ግን ፍላሚንጎ የሚባለው ሮዝ ወፍ ነው።

ስካውት፣ ማለትም የፓርክ ጠባቂ፣ ይዘን ወደ ሐይቁ ወረድን። ግራሩ ሳሳ፣ ከዚያም ጭራሽ ጠፋ። የቀረው ጉቶ ነው። ከሰል ሆኖ አስፋልት ዳር በማዳበሪያ ተደርድሮ ይሸጣል። እኔም ከዚሁ መንገድ ገዝቼ ጭኜ የገባሁበት ጊዜ ስላለ ብዙ አልፈርድም።

ሜዳው ነጭ እየሆነ ሲመጣ ስካውቱ "እዚህ ያቁሙት ጋሼ" አለኝ።

"ውሃው እኮ ገና ሩቅ ነው!"

"ሩቅ ነው። ግን አሁን እየነዱ ያሉት ሐይቁ ላይ ነው።"

ቀልድ መስሎኝ ትንሽ ገፋሁ። ሃምሳ ሜትር እንኳ አልሄድኩም፣ የፊት ጎማዎቹ ዘጭ አሉ። ላዩ እንደ ድፎ ዳቦ ቅርፊት ደረቅ ነው። ከሥሩ ግን ጥቁር፣ የሚሸት ጭቃ አለ። ከብት ጠባቂ ልጆች መጡ፤ የግራር ቅርንጫፍ ጎማው ሥር አነጠፉልን፤ ገፉን። ሁለት ሰዓት ፈጀ። ስካውቱ ጨዋ ነው፣ "ብዬህ ነበር" አላለም።

የቀረውን በእግር ሄድን። በየእርምጃው ቅርፊቱ ቀጭ ቀጭ ይላል። ልጅ ሆኖ የሚያውቀው ዳርቻ የት እንደነበር ስካውቱ ወደ ኋላ እየዞረ አሳየን። መኪናችን ከቆመችበትም በጣም አልፎ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አብያታ ውሃ የሚያገኘው ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ፣ ከላንጋኖ ደግሞ በሆራ ቀሎ በኩል ነው። መውጫ የለውም። የገባውን ውሃ ፀሐይ ትወስዳለች፣ ጨውና ሶዳው ይቀራል። የዝዋይ ውሃ ለመስኖና ለአበባ እርሻ ሲሳብ ለቡልቡላ የሚተርፈው ያንሳል። እዚሁ አብያታ ላይ ደግሞ ለሶዳ አሽ (ለመስታወትና ለሳሙና መሥሪያ የሚሆን ነጭ ዱቄት) ማምረቻ ውሃው ወደ ኩሬ እየተሳበ ሲተን ኖሯል። ጥልቅ ሐይቅ ቢሆን ይችለው ነበር። ጎረቤቱ ሻላ 266 ሜትር ይጠልቃል። አብያታ ግን እንደ ትሪ ዝርግ ስለሆነ፣ ትንሽ ከፍታ ሲቀንስ ዳርቻው ብዙ ይሸሻል።

ውሃው ጋ ስንደርስ እጄን ነከርኩ። ሳሙና እንደያዘ እጅ ያሟልጫል። ፊት ለፊታችን ፍላሚንጎዎቹ ናቸው። ከሩቅ ሮዝ መስመር ብቻ ነበሩ፤ ሲቀርቡ ጫጫታቸው ዝይ የሞላበት ግቢ ይመስላል። አንዱን ለይቼ አየሁት። አንገቱን ዝቅ አደረገ፣ ጭንቅላቱን ገለበጠ፣ መንቆሩን ሽቅብ አዙሮ ውሃውን ማጥለል ጀመረ። የሚያጠልለው በዓይን የማይታይ አረንጓዴ ነገር ነው፣ ስፒሩሊና የሚሉት። የላባው ቀለም የሚመጣውም ከዚሁ ምግብ ነው። ስለዚህ ሶዳው ለእሱ ምግብ ማብቀያው ነው።

ለዓሣ ግን አልሆነም። ድሮ አብያታ ቆሮሶ ነበረው። ሻላ ሐይቅ ውስጥ ባለ ደሴት ላይ ይፈለፍሉ የነበሩ ፔሊካኖች የፊቄን ኮረብታ ተሻግረው እዚህ ያጠምዱ ነበር። ጨዉ ሲበረታ ዓሣው አለቀ።

ስንመለስ ዝዋይ ሐይቅ ዳር ዓሣ ጥብስ አዘዝን። ጫማዬ ደርቆ ኖራ የተቀባ መስሏል። አሳላፊው አየና ሳቀ፦ "አብያታ ነበሩ ማለት ነው!" ዓሣ የሚከትፉት ልጆች አንጀቱን ወደ ዳር ሲወረውሩ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ተሻሙ። ከኋላቸው አምስት ፔሊካኖች ተራቸውን ይጠብቃሉ።