ክቡ ለምን እንቁላል ሆነ

እንቁጣጣሽ ስድስት ሳምንት ሲቀረው ሽሮ ሜዳ የሚገኝ አንድ የሽመና ቤት አሥራ ሁለት ነጠላ ታዘዘ። ደንበኛዋ ዋጋ ላይ አልተከራከረችም። የጠየቀችው ጥለቱ ገበያ ላይ ካለው ጋር እንዳይመሳሰል ብቻ ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ግን ሁሉም ሰው ስልኩ ላይ ያገኘውን ያንኑ ሥዕል ለሸማኔ እያሳየ «እንዲህ አድርግልኝ» በሚልበት ጊዜ፣ ከሱቅ ሱቅ ቢዞሩ የሚለየው የክሩ ቀለም ብቻ ነው።

ንድፍ የምታወጣው ልጅ ስልኳን ትታ ወደ ሠፈሯ ዞረች። እዚህ ድረስ ደግ አደረገች። ዓይኗ ያረፈው አንድ የቆየ ዳቦ ቤት መስኮት ላይ በተበየደ የብረት ፍርግርግ ላይ ነው፤ ክብ ከክብ ጋር ተያይዞ ይሄዳል፣ ሰማያዊ ቀለሙ ተልጦ ከሥሩ ዝገት ብቅ ብሏል። ፎቶ አነሳች፤ ማታ ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተር ላይ አንዱን ክብ 30 ካሬ በ30 ካሬ አድርጋ ሣለችና በማግስቱ ለሸማኔው ሰጠችው። ሸማኔው ከዶርዜ የመጣ፣ ዕድሜውን የሽመና ጉድጓድ ላይ ተቀምጦ የሠራ ሰው ነው። ደብተሩን አየት አደረገና ምንም ሳይል መቁጠር ጀመረ።

ከሁለት ቀን በኋላ ከድሩ ላይ የወጡት አራት ክቦች የቆሙ እንቁላሎች ነበሩ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ክብ ነበር፤ ምን ሆነ?»

«ልጄ፣ ሠላሳ በሠላሳ ነው ያልሽኝ። ቁጠሪው።»

ቆጠረችው፤ ልክ ነው። ማንም አልተሳሳተም፣ ደብተሩ ነው ያሳሳታቸው። የሒሳብ ደብተር ካሬው ወርዱና ቁመቱ እኩል ነው፤ የሸማ «ካሬ» ግን እኩል ሆኖ አያውቅም። በዚያ ድር ላይ፣ ማለትም በቁሙ በተወጠረው ክር፣ በአንድ ሴንቲሜትር ወርድ 20 ክር አለ። ጥለት ሲጣል ድሩ የሚነሳው ጥንድ ጥንድ እየሆነ ስለሆነ በሴንቲሜትር 10 ጥንድ ይገኛል። ወደ ላይ ሲኬድ ደግሞ ከእያንዳንዱ የጥለት ረድፍ በኋላ ሁለት ተራ ማግ፣ ማለትም አግዳሚ ክር፣ ይወረወራል፣ ይመታል፤ ጥለቱ የሚጣልበት ባለ ቀለም ክር፣ ሳባውም፣ ወፍራም ነው። ስለዚህ በ2 ሴንቲሜትር ውስጥ የሚገባው 15 ረድፍ ብቻ ነው። ሠላሳ ጥንድ 3 ሴንቲሜትር ወርድ ሲሆን፣ ሠላሳ ረድፍ 4 ሴንቲሜትር ቁመት ይሆናል። እንቁላሉ የተወለደው እዚህ ጋ ነው።

መፍትሔው ስሌት ነው፤ ስሌቱ ግን የሚጀምረው ከናሙና ነው። በሚሠራበት ድርና በሚሠራበት ክር አሥር ሴንቲሜትር ያህል ተሠርቶ፣ ተቆርጦ፣ ለብ ባለ ውኃ ተነክሮ፣ ሳይጨመቅ ጥላ ላይ ከደረቀ በኋላ ይለካል። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። ድር ተወጥሮ ሳለ የሚለካ ጥለት ይዋሻል፤ ውጥረቱ ሲላላና ውኃ ሲነካው ጥጡ ይሰበሰባል። በዚህ ሥራ 10 ሴንቲሜትር የነበረው ናሙና ሲደርቅ 9 ከግማሽ ሆነ። ድሩ እንደተወጠረ ቢሰላ ኖሮ ለክቡ 23 ረድፍ ይበቃል ይባል ነበር፤ ከታጠበው ናሙና ሲሰላ ግን ወደ 24 ይጠጋል። ከዚያ ወርዱ ከ30 ወደ 31 ጥንድ፣ ቁመቱም ወደ 25 ረድፍ ከፍ አለ፤ ጎደሎ ቁጥር መሐል አለውና ክቡ ግራና ቀኙ፣ ላይና ታቹ ይመጣጠናል።

ሁለተኛ ጥፋትም ነበረ፤ እሱን ያገኘው የሸማኔው ጣት ነው። የክቡ አናትና ሥር ጠፍጣፋ ስለሆነ የጥለቱ ክር እዚያ ጋ አሥራ አንድ ጥንድ ሳይታሰር ይዘላል፤ ከአንድ ሴንቲሜትር ይበልጣል ማለት ነው። ጋሼ ጣቱን ከክሩ ሥር አስገብቶ ሳብ ሲያደርገው እንደ ቀለበት ተነሳ። እንዲህ ያለ ክር የጆሮ ጌጥ ይይዘዋል፣ ጥፍር ይይዘዋል፤ በዓሉ ሳያልቅ ይመዘዛል። እሱ ከስድስት ጥንድ በላይ አያዘልልም፤ የግድ ከሆነም መሐሉ ላይ አንድ ጥንድ ድር አንስቶ ያስረዋል። ከሩቅ አይታይም፣ ክሩን ግን ይይዘዋል። በአንጻሩ አንድ ጥንድ ብቻ የሆነ ቀጥ ያለ የቁም መስመር የተራው ማግ ይውጠዋል፤ መስመር ሆኖ እንዲታይ ሦስት ጥንድ ያስፈልገዋል።

አራቱ እንቁላሎች የሁለት ቀን ድካም ናቸው። የማን ኪሳራ ነው በሚለው ትንሽ ተጨቃጨቁ፤ በመጨረሻ ክሩ በቤቱ፣ ድካሙ በግማሽ ተባለና ታለፈ። ናሙና መጀመሪያ ተሠርቶ ቢሆን ግማሽ ቀን ነበር የሚያስከፍለው።

ክቡን በአዲሱ ቁጥር ሊቀጥሉ ሲሉ ጋሼ በአገጩ ወደ በሩ አመለከተ።

«ያንን ብትሥይው አይቀልም? እኔ እሱን እያየሁ ነው የምውለው።»

ከበሩ ፊት ለፊት ሕንፃ ይሠራል። በባሕር ዛፍ መወጣጫ ተከቧል፤ ቋሚ አጣና፣ አግዳሚ አጣና፣ በመሐል እንዳይወዛወዝ ሰያፍ የተቸነከረ ማገር። ልጅቷ በየቀኑ አጠገቡ ታልፋለች፤ ግን አቧራው እንጂ ሌላው ታይቷት አያውቅም። ሸማኔው ያየው ግን ውበቱን ብቻ አይደለም። ቁም፣ አግድም፣ ሰያፍ፤ ሦስቱም ድርና ማግ ያለ ጠብ የሚሠሯቸው ናቸው። ሰያፍ መስመር በየረድፉ አንድ ጥንድ እየተራመደ ይወጣል፤ እንደ ደብተሩ ልክ 45 ዲግሪ ባይሆንና ትንሽ ቀና ቢል ማን ያውቅበታል? ክብ ሲጣመም ሕፃንም ይለየዋል። አጣና ግን ድሮም ጠማማ ነው። ከአካባቢ ሐሳብ ሲወሰድ ውብ የሆነውን ብቻ ሳይሆን፣ በሚሠራበት ዕቃ ላይ ሲዛባም የሚያምርበትን መምረጥ ግማሽ ሥራ ነው። የአርቲስት ኤልያስ ስሜን ሥራ ያየ ይህ ይገባዋል፤ ከመርካቶ በሚገዛው የተጣለ የኤሌክትሮኒክስ ሽቦ ሲሠራ ሽቦው የራሱን ቀለምና ጥምዝ ይዞ ነው የሚገባው።

መወጣጫውን ግን ሙሉውን መሣል አይቻልም፤ እንጨቱ ስንትና ስንት ነው። ልጅቷ ከብስኩት ካርቶን ላይ የክብሪት ሣጥን የምታህል መስኮት ቆርጣ በአንድ ዓይኗ እያየች ከቦታ ቦታ አዛወረቻት። በመስኮቷ ውስጥ ሁለት ቋሚ፣ አንድ አግዳሚና አንድ ሰያፍ ብቻ የቀሩበት ቦታ ላይ ቆመች። ፎቶ አላነሳችም፤ በእርሳስ አራት መስመር አሰመረች። ፎቶ ሁሉን ይዞ ይመጣና ምን እንደሚጣል ያስጨንቃል፤ እርሳስ ግን ገና ሲነሳ ይመርጣል።

ከዚያ ቁጥሩ መጣ። አንዱ ድግግሞሽ 24 ጥንድ ሆነ፣ እያንዳንዱ አጣና ሦስት ጥንድ ውፍረት። ነጠላው 86 ሴንቲሜትር ወርድ ስላለው 860 ጥንድ ይዟል። 35 ድግግሞሽ 840 ይወስዳል፤ የተረፈው 20 ጥንድ ለግራና ለቀኝ ጠርዝ አሥር አሥር ተከፈለ። ይህ ቀድሞ ካልተሰላ አንዱ ዳር ላይ አጣናው ለሁለት ተሰንጥቆ ይቀራል፤ ጥለት ሲያዩ መጀመሪያ ዓይን የሚሄደው ደግሞ ወደ ዳር ነው። ሁሉም እኩል ሲሆን የሱቅ መጋረጃ መሰለባቸው፤ ስለዚህ በየሦስተኛው ቋሚ ላይ ሁለት ረድፍ ጨመሩ፣ አጣና እኩል ተቆርጦ አያውቅምና።

ቀለሙ ላይ ትንሽ ቆዩ። እንጨቱ በቡናማ፣ ሰያፉ በጥቁር አረንጓዴ ሆነ። መወጣጫው ላይ ሠራተኞቹ ውኃ የሚያመላልሱበት ቢጫ ጀሪካን ተንጠልጥሎ ነበር፤ ልጅቷ እሱን አልተውም አለች። ችግሩ ቢጫ በነጭ ሸማ ላይ ሦስት ሜትር ሲርቅ ይጠፋል። በነጩ ላይ ብቻውን ሞከሩት፣ እውነትም ጠፋ። አምስት ጥንድ በአራት ረድፍ አድርገው ዙሪያውን በጥቁሩ አረንጓዴ ሲከቡት ግን ከበሩ ማዶ ሆኖ ታየ። በየሰባተኛው ድግግሞሽ አንድ ጀሪካን፤ በአንድ ጥለት አምስት። ከዚያ በላይ ቢሆን ወረፋ ይመስል ነበር፣ እሱንም አዲስ አበባ በበቂ ሁኔታ አይቶታል።

ናሙናው ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተለክቶ ከጸደቀ በኋላ አሥራ ሁለቱ ነጠላ በአራት ሸማኔ ተሠርቶ ለበዓሉ ደረሰ። አራቱ ሸማኔ አንድ ዓይነት እንዲመታ አልተቻለም፤ እጁ የሚከብድ አለ፣ እጁ የሚቀል አለ። ስለዚህ እያንዳንዳቸው በየአምስት ሴንቲሜትሩ ረድፍ እየቆጠሩ ከናሙናው ጋር ያስተያዩ ነበር።

ሕንፃው አሁን መስታወት ለብሷል፣ መወጣጫውም ወርዷል። የእንቁላሎቹ ቁራጭ በሸማኔው ራስ በላይ ግድግዳው ላይ በሁለት ሚስማር ተመቷል። ከጎኑ በእስክሪብቶ «31 በ25፣ ከታጠበ በኋላ» ተብሎ ተጽፎበታል።