ሪሴት ላይ ሆነን ሙዚየም

እ.ኤ.አ. በ2024 ጥቅምት ወር ሕጉ ለትራክ ሾፌር የሚፈቅደውን 70 የሥራ ሰዓታችንን ጨርሰን፣ በኦሃዮ ከቶሊዶ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኘው በስቶኒ ሪጅ ትራክ ስቶፕ የ34 ሰዓት ሪሴት፣ ማለትም የሥራ ሰዓታችንን እንደ አዲስ የሚያስጀምረውን ተከታታይ ዕረፍት፣ ጀመርን። ሪሴት ላይ ያለ ሾፌር አብዛኛውን ጊዜ ልብሱን ያጥባል፣ ገላውን ይታጠባል፣ ከዚያም ስሊፐሩ (የትራኩ መኝታ) ውስጥ ገብቶ ስልኩን ይጎረጉራል። አብሮኝ ቲም ሆኖ አንዱን ትራክ እየተፈራረቅን የምንነዳው ጓደኛዬ ግን በልጅነቱ ንባብ ቤት የዋለ ሰው በመሆኑ፣ በቶሊዶ የሥነ ጥበብ ሙዚየም የኢትዮጵያ ዐውደ ርእይ መከፈቱን ከሰማ ጀምሮ ጭነት በዚያ በኩል እንዲገኝልን ሲመኝ ከርሟል። ስለዚህ ትራኩን ከነትሬይለሩ እዚያው አቁመን በኡበር ሄድን።

ዐውደ ርእዩ ከባልቲሞሩ ዋልተርስ ሙዚየም ተነሥቶ፣ በማሳቹሴትስ ሴለም በኩል ቶሊዶ የደረሰ ሲሆን፣ ከአክሱም ሳንቲሞች እስከ ዘመናችን ሠዓልያን ሥራዎች ድረስ 1,750 ዓመታትን ያካልላል። ጓደኛዬ ይህን ሁሉ ለማዳረስ አልሞከረም፤ በመስታወት ውስጥ ተዘርግቶ ከተቀመጠ የብራና ወንጌል ፊት ሲደርስ እግሩ ተተከለ። ቀይ ቀለሙ ትናንት የተጻፈ ይመስላል፤ የብራናው ጠርዝ ግን ገጹ ሲገለጥ ጣት በሚያርፍበት ቦታ ላይ ጠቁሯል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ በንባብ ቤት ዜማ ማንበብ ሲጀምር ሰዎች አንድ በአንድ ከበቡት፤ ሊያስቆመው ነው ብዬ የሠጋሁት የጥበቃ ሠራተኛም ቆሞ ያዳምጥ ገባ። አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት የሙዚየሙ ባለሙያ መስሏቸው ስለ ብራናው ከጠየቁት በኋላ የት እንደሚያስተምር ሊያውቁ ቢፈልጉ፣ ትራክ ነጂ መሆኑንና የሽንት ቤት ወረቀት ጭኖ ወደ ኢንዲያና እየሄደ መሆኑን በትሕትና ነገራቸው።

ጭነትና ቀጠሮ የሚያዝልን ዲስፓቸራችን የደወለው በዚህ መሀል ነው። የድርጅቱ ባለቤት የእኅት ልጅ ሲሆን፣ የትራክ መሪ ጨብጦ ባያውቅም ስለ መንገድ የማያውቀው ነገር የለም።

«የት ናችሁ?»

«ሙዚየም።»

«ከሙዚየም ምን ይጫናል?»

ለመዝናናት መሆኑን ስነግረው ጥቂት ዝም አለና፣ የማራገፊያው ቀጠሮ ወደ ነገ ጠዋት ስለ ተሳበ በፒሲ፣ ማለትም ከሥራ ውጭ ሆኖ ትራኩን ለግል ጉዳይ መንዳት በሚባለው፣ ቀስ እያልን እንድንጠጋ ጠየቀኝ። ፒሲ ለግል ጉዳይ እንጂ ጭነትን ወደ ተቀባዩ ለማስጠጋት እንዳልተፈቀደ፣ ሪሴቱም ከተቋረጠ 34 ሰዓቱ እንደገና ከዜሮ እንደሚቆጠር አስረዳሁት። ያን ጊዜ ነው እስካሁን የሚከነክነኝን ቃል የተናገረው፦ «ወንድሜ፣ ሙዚየም ለመዞር አቅም ካላችሁ እኮ ለመንዳትም አላችሁ ማለት ነው።»

ለዚህ ወዲያው መልስ አላገኘሁለትም። ሕጉ ሾፌር በዕረፍቱ ሰዓት ይተኛ፣ ይጨፍር ወይም ሥዕል ይይ ብሎ አይጠይቅም፤ ከሥራ ውጭ ሆኖ ተከታታዩን ሰዓት መሙላቱ ይበቃል። በተቃራኒው ግን ጓደኛዬ በዚያች ሰዓት ከመቼውም ይልቅ ነቅቶ ስለ ነበር፣ የዲስፓቸሩ ነገር ፈጽሞ መሠረት የለውም ለማለት አፌ አልደፈረም፤ ይህም የበለጠ አናደደኝ። ሎጉ (የሥራ ሰዓት መዝገቡ) ላይ ያለው ስም የእኔ እንጂ የእሱ አለመሆኑን ብቻ ነግሬው ስልኩን ዘጋሁት።

ሪሴታችንን ጨርሰን ጭነቱን ስናደርስ፣ ያን ያህል የተቸኮለለት መጋዘን እስከ ከሰዓት በኋላ ዶክ (የማራገፊያ በር) ሳይሰጠን ግቢ ውስጥ ገትሮን ዋለ። ለቆምንበት ሰዓት የሚገባንን የዲቴንሽን ክፍያም እስከ ዛሬ አላየነውም።

አሁን ጓደኛዬ ሱሱ ስለ ተነሣበት፣ በተቻለን መጠን ሪሴታችንን መግቢያቸው ነፃ የሆነ ትልልቅ ሙዚየሞች ባሏቸው በሴንት ሉዊስ ወይም በክሊቭላንድ አካባቢ እናደርጋለን። ዲስፓቸሩ ሲደውል ወደ ኮሪደር ወጣ ብዬ፣ ድምፄን ጎርነን አድርጌ «ተኝተን ነበር» እለዋለሁ፤ እሱም ይቅርታ ጠይቆኝ ይዘጋል።