የሞገድ ሞዴሎችን ከፍሪስ ጀምሬ የተማርኩበት መንገድ

የሞባይል ኔትወርክ ፕላኒንግ ሶፍትዌር ሞዴል፣ ማለትም ሲግናሉ ከአንቴናው ሲርቅ ምን ያህል እንደሚዳከም የሚገምት ቀመር እንድመርጥ ሲጠይቀኝ፣ ለረጅም ጊዜ ዓይኔን ጨፍኜ ሃታ የተባለውን እመርጥ ነበር። አንድ ቀን ግን ስሌቱ ጥሩ ሲግናል አለ ያለበት መንገድ ላይ ቆሜ ስልኬ አልደውል አለኝ። ከአንቴናው 400 ሜትር ብቻ ነበር የራቅኩት። በጣም አበሳጨኝ። ሞዴሎቹን በተወለዱበት ቅደም ተከተል አንድ በአንድ ራሴ ኮድ ልጽፍላቸው የወሰንኩት ያን ቀን ነው።

መነሻዬ የሬዲዮ መሐንዲሱ ሃራልድ ፍሪስ እ.ኤ.አ. በ1946 ያወጣው ቀመር ነበር። ምንም በማይጋርድ ባዶ ቦታ፣ ርቀቱ 10 እጥፍ ሲሆን ብክነቱ፣ ማለትም ሲግናሉ በመንገድ ላይ የሚዳከምበት መጠን፣ በ20 ዴሲቤል ይጨምራል (በየ10 ዴሲቤሉ ኃይሉ 10 እጥፍ ይቀንሳል)። መሬት ላይ ነጥሮ የሚመጣውን ሞገድ ስትደምሩበት ደግሞ፣ ራቅ ሲል 40 ዴሲቤል ይደርሳል። ሁለቱም ያምራሉ፤ ከተማን ግን አያውቁም።

ከተማን በቦታው ተገኝቶ የለካው ጃፓናዊው መሐንዲስ ኦኩሙራ ነው። ከባልደረቦቹ ጋር ቶኪዮና አካባቢዋን ለክቶ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1968 በግራፎች አሳተመ። እኔም በማስመሪያና በእርሳስ ከግራፍ ላይ ቁጥር ለማንበብ ሞከርኩ። የእርሳሱ ውፍረት ብቻ መልሱን ያዛባል። ሃታ እ.ኤ.አ. በ1980 እነዚያን ኩርባዎች ወደ ቀመር ሲቀይር ስንት ሰው እፎይ እንዳለ የገባኝ ያኔ ነው።

የሃታን ኮድ ጽፌ ሳስኬደው የመጀመሪያው መልስ 232 ዴሲቤል ሆነ። ርቀቱን በሜትር አስገብቼ ነበር፤ ቀመሩ የሚፈልገው ኪሎ ሜትር ነው። ሳስተካክለው በ900 ሜጋኸርዝ፣ በ30 ሜትር የአንቴና ከፍታ፣ 1 ኪሎ ሜትር ላይ 126 ዴሲቤል ገደማ ሰጠኝ። ፍሪስ ለዚያው ርቀት 91.5 ይላል። ልዩነቱ ወደ 35 ዴሲቤል ነው፤ ኃይሉ 3,000 ጊዜ ያህል አነሰ ማለት ነው። ያ ሁሉ የሕንፃዎቹ ሥራ ነው። ይህን ቁጥር በራሴ ስሌት ሳየው ልቤ ደነገጠ።

ከዚያ የሞዴሉን ገደብ አነበብኩ፦ ከ150 እስከ 1500 ሜጋኸርዝ፣ የአንቴናው ከፍታ ከ30 እስከ 200 ሜትር፣ ርቀቱ ከ1 እስከ 20 ኪሎ ሜትር። የእኔ ጣቢያ 1800 ሜጋኸርዝ፣ 22 ሜትር፣ 400 ሜትር። ሦስቱም ከገደቡ ውጪ! ጥፋቱ የሃታ አልነበረም፤ ያላየውን ነገር የጠየቅኩት እኔ ነኝ። አሁን ሞዴል ከመምረጤ በፊት እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ወረቀት ላይ እጽፋለሁ።

ለእኔ ጣቢያ የሚስማማው ኮስት 231 የተባለው የአውሮፓ የምርምር ፕሮጀክት ያሰናዳው የዋልፊሽ-ኢኬጋሚ ሞዴል ሆነ። ከ800 እስከ 2000 ሜጋኸርዝ፣ ከ20 ሜትር እስከ 5 ኪሎ ሜትር ይሠራል። የጣሪያ ከፍታ፣ የመንገድ ስፋት፣ የሕንፃዎች መራራቅ ሁሉ ይጠይቃችኋል። የመንገዱን ስፋት በእርምጃ ለካሁ፤ 10 ሜትር። ጣሪያዎቹ 18 ሜትር ገደማ፣ የሕንፃዎቹ ርቀት 30። ሃታ 122 ዴሲቤል ብሎ የገመተው ብክነት በዚህኛው ሞዴል 130 ሆነ። 8 ዴሲቤል ትንሽ ይመስላል እንጂ ኃይሉን ከ6 እጥፍ በላይ ይቀንሳል።

እውነቱን ለማወቅ መለካት ነበረብኝ። እዚህም ተሳሳትኩ። አንድ ቦታ ቆሜ አንድ ቁጥር መዘገብኩ። ግማሽ እርምጃ ስጠጋ 15 ዴሲቤል ተለወጠ። ሞገዶቹ ከየግድግዳው ነጥረው ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል። የሞባይል ግንኙነት መሐንዲሱ ዊሊያም ሊ መፍትሔውን ቀድሞ አስቀምጦታል፦ በ40 የሞገድ ርዝመት ውስጥ ቢያንስ 36 ናሙና ወስዶ አማካይ ማውጣት። በ1800 ሜጋኸርዝ ይህ 7 ሜትር እንኳ አይሞላም። ጠዋት ተመልሼ ቀስ እያልኩ ተራመድኩ። አማካዩ 133 ወጣ።

ከስሌቱ ጋር ሳነጻጽረው ያልተብራራ 3 ዴሲቤል ቀረኝ። መንገዱ ዳር የዛፎች ረድፍ አለ፤ ይህ ሞዴል ደግሞ ዛፍ አያውቅም። ቅጠላቸው ሲረግፍ በዚያው መስመር ድጋሚ ልለካ ነው።